ለፀጉር ቤኪንግ ሶዳ? ይቅርብሽ

እህቴ፣ ፀጉሬን ታጥቤ በሁለተኛው ቀን ቅባት በቅባት ይሆናል፣ በቤኪንግ ሶዳ ልጠበው ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እባክሽ ይቅርብሽ። የራስ ቆዳ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ፣ ቁጥሩ ሲጨምር አሲድነቱ ይቀንሳል) 5.5 አካባቢ ነው፤ የሶዳው ደግሞ ከ8 ያልፋል። ፀጉር ያሻክራል፣ ይሰባብራል። በራሴ አይቼዋለሁ፤ ማበጠሪያው ላይ የቀረው ሁሉ ከመሃል የተቆረጠ ነበር።

ይልቅ ሻምፑውን ስሩ ላይ ብቻ አድርጊና በጥፍር ሳይሆን በጣትሽ ጫፍ ቀስ እያልሽ እሺው። አረፋው ሲወርድ ጫፉንም ያጥበዋል። ከዚያ 1 የሾርባ ማንኪያ አቼቶ በ2 ብርጭቆ ውሃ ቀላቅለሽ አፍስሺበት፣ ከ1 ደቂቃ በኋላ ተለቅለቂ። ሳታቀጥኚው እንዳትሞክሪ፣ ያቃጥላል! ጫፉ ከደረቀ ከመታጠብሽ በፊት ትንሽ የኮኮናት ዘይት ቀቢው። ቁስል ካለ ግን የቆዳ ሐኪም ጋ ሂጂ።