ስለ ቁፋሮ፣ ስለ ባልጩትና ስለ ዕድሜ ልኬት፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ (ከዓለም ገና)፦ ጋሼ፣ ለቤት መሠረት ስናስቆፍር የሚያብረቀርቅ ጥቁር ድንጋይ ወጣ። ዕድሜው ስንት ይሆናል?

መልስ፦ ከየትኛው የአፈር ንብርብር፣ በምን ያህል ጥልቀት እንደ ወጣ ሳይነገረኝ ምንም ማለት አልችልም። ባልጩት፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የሚወጣ መስታወት መሰል ድንጋይ፣ ሳይሆን አይቀርም፤ ሆኖም ባልጩት ሁሉ መሣሪያ አይደለም። በሰው የተፈለጠ ከሆነ ምቱ ባረፈበት ጫፍ ሥር ጉብ ያለ እብጠት፣ ከዚያም እንደ ሞገድ የተዘረጉ መስመሮች ይታዩበታል። ሌላ ካገኛችሁ ከቦታው አታንሱት፤ ለአካባቢው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አሳውቁ።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የጥንት የድንጋይ መሣሪያዎች የሚቆፈሩበት መልካ ቁንጡሬ ይህን ያህል የሚወደሰው ለአዲስ አበባ ቅርብ ስለሆነ ነው?

መልስ፦ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ 50 ኪሎ ሜትር ያህል መራቁ ለጎብኚ ይመቻል፤ ለሳይንስ ግን ዋጋው ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ዤራርድ ዴከር የተባለ ሆላንዳዊ የውኃ ባለሙያ ቦታውን ካመለከተ በኋላ፣ ፈረንሳዊው ዣን ሻቫዮን ከ1965 ጀምሮ ለረጅም ዓመታት ቆፍሮበታል፤ ከ1999 ወዲህ ደግሞ የጣሊያን ቡድን ሥራውን ቀጥሏል። አዋሽና ገባሮቹ የቆረጧቸው ገደሎች ሁለት ሚሊዮን ዓመት ገደማ የሚሸፍኑ ንብርብሮችን ያሳያሉ። እኔን ከሁሉ የሚያስደንቀኝ በዚያ ካሉት የቁፋሮ ስፍራዎች አንዱ፣ ሲምቢሮ 3 ነው፤ ከ1.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት በነበረው ንብርብር ውስጥ ከተገኙት 578 መሣሪያዎች ከሦስቱ በቀር ሁሉም ባልጩት ናቸው። ባልጩት በቀላሉ የሚሰበርና እጅን የሚቆርጥ ሆኖ ሳለ እነዚያ ሰዎች መርጠውት ተመሳሳይ ቅርጽ ያላቸውን የእጅ መጥረቢያዎች ሠርተውበታል። መሣሪያዎቹ አንድ በአንድ ተለቅመው በጆንያ ቢሰበሰቡ ኖሮ ይህን ማወቅ አይቻልም ነበር፤ በአንድ ስፍራ፣ በአንድ ንብርብር መሆናቸው ነው ምስክሩ።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ይህ ሁሉ ዕድሜ በካርቦን ተለክቶ ነው?

መልስ፦ አይደለም። የካርቦን ልኬት ሕይወት ለነበረው ነገር፣ ለከሰል፣ ለአጥንትና ለመሳሰሉት ነው፤ ከ50 ሺህ ዓመት ገደማ በላይም አይሄድም። በመልካ ቁንጡሬ የሚለካው በንብርብሮቹ መካከል የተኛው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በአመዱ ክሪስታሎች ውስጥ ያለው ፖታሲየም 40 ቀስ በቀስ ወደ አርጎን ጋዝ ስለሚለወጥ፣ ግማሽ ዕድሜውም 1.25 ቢሊዮን ዓመት ስለሆነ፣ የተጠራቀመው ጋዝ ተለክቶ አመዱ የወደቀበት ዘመን ይታወቃል። ከአመዱ በታች ያለው ይበልጣል፣ በላዩ ያለው ያንሳል። በዚያው በመልካ ቁንጡሬ ጎምቦሬ በተባለው የቁፋሮ ስፍራ የተገኘው የሕፃናት የእግር ዱካ 700 ሺህ ዓመት ገደማ እንደሆነ የታወቀው በዚሁ መንገድ ነው።

ጥያቄ (ከየካ)፦ ከዐለት የተፈለፈለው የዋሻ ሚካኤል ቤተ ክርስቲያንስ? እኛ የአብርሃና አጽብሃ ዘመን እንደሆነ ነው የሰማነው።

ሌላ ጠያቂ (ከኮተቤ)፦ ወንድሜ፣ አሠራሩ ከላሊበላ ውቅሮች ጋር ይቀራረባል፤ ያን ያህል ወደ ኋላ አይሄድም።

ከየካ፦ አባቶች የነገሩንን በአሠራር ብቻ መሻር አይገባም፤ የነገሩንም ያለ ምክንያት አይደለም።

ከኮተቤ፦ ትውፊት ይከበራል፤ ግን ማስረጃም ይጠየቃል።

መልስ፦ ሁለታችሁም ያለ ልኬት ትከራከራላችሁ። ተፈልፍሎ የወጣ ዐለት በውስጡ የሚለካ ካርቦን የለውም፤ የሚያግዘው ከወለሉ ሥር ሳይነካ የቀረ ከሰል ወይም አጥንት ቢገኝ ነው፤ እሱም አፈሩ ካልተገለበጠ ብቻ። ከዚህ በላይ እዚህ አንገባም።

ጥያቄ (ከቡራዩ)፦ ስለ ሉሲ ይንገሩን።

መልስ፦ ምኗን? እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር ተገኘች፤ ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ነው። ጥያቄ ሲቀርብ ተለይቶ ይቅረብ።

ጥያቄ (ከዓለም ገና)፦ እንዲህ ያለ ድንጋይ ገበያ ላይ ስንት ያወጣል?

መልስ፦ አይሸጥም። ያለ ፈቃድ መቆፈርን የሚከለክለውን፣ በአጋጣሚ የተገኘ ቅርስ እንዲገለጽ የሚያዘውን አዋጅ ቁጥር 209/1992ን አንብቡ። አታንሱት ብዬ ነበር፤ አሁንም አታንሱት።

ጥያቄ (የሰበታ መምህርት)፦ ተማሪዎቼን ወደ መልካ ቁንጡሬ መውሰድ እፈልጋለሁ። ምን ቢያዩ ይሻላል?

መልስ፦ እህቴ፣ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ጎጆ ቅርጽ ያላቸውን የሙዚየሙን ቤቶች ካዩ በኋላ ሽፋን ተሠርቶለት ወደሚታየው የጎምቦሬ ቁፋሮ ውሰዷቸው፤ መሣሪያዎቹ በተገኙበት ወለል ላይ ስለሚታዩ ስለ ንብርብር የምናገረውን በዓይናቸው ያያሉ። በአቅራቢያው ያለውን ባልጭት የተባለውን ስፍራ ከጨመሩ፣ ሜዳው በባልጩት ፍልጥ የተሸፈነ ነው፤ ዩኔስኮም መልካ ቁንጡሬንና ባልጭትን በአንድነት በ2024 እ.ኤ.አ. መዝግቧቸዋል። ጫማቸው ጠንካራ ይሁን፤ ከመመለሳችሁም በፊት ኪሳቸውን ፈትሹ።