ሰፈራችን ደኸየ ወይስ በለጸገ? ስለ ሜሪላንዱ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ጥያቄና መልስ

ሲልቨር ስፕሪንግ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል። ሥራዬ ከቤት ግዢና ኪራይ ወረቀት ጋር ነው። ስለ ካውንቲያችን የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከመጡት መካከል እነሆ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እዚህ ድሮ ነጭ ብቻ ነበር የሚኖረው ይባላል። እውነት ነው?

መልስ፦ ብቻ ባይባልም በጣም ይበዛ ነበር። እንዲያው በአጋጣሚ የሆነም አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ብዙ የድሮ የቤት ውሎች ላይ ለጥቁር እንዳይሸጥ፣ እንዳይከራይ የሚል አንቀጽ ነበር። በ1948 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ እንዲህ ያለውን አንቀጽ ፍርድ ቤቶች እንዳያስፈጽሙ ከለከለ። የፌዴራሉ የቤት አድልዎ ሕግ ግን የመጣው በ1968 ነው። በ1978 የዋሽንግተን ሜትሮ ባቡር ሲልቨር ስፕሪንግ ደረሰ። ከ1980ው የስደተኞች ሕግ በኋላ ደግሞ የእኛ ሰው በብዛት መጣ፤ ቀጥሎ ዲቪ ተጨመረ። በ1990 ከአራት የካውንቲው ነዋሪ ሦስቱ ገደማ ነጭ ነበሩ። በ2010 ቆጠራ ሂስፓኒክ ያልሆኑ ነጮች ከግማሽ በታች ሆኑ።

ጥያቄ፦ ታዲያ ስደተኛው ሲበዛ ሰፈሩ ደኸየ ማለት ነው?

መልስ፦ ይህን አባባል በሰማሁ ቁጥር ያመኛል፤ ስለዚህ ረዘም አድርጌ ልመልስ። በካውንቲው ግማሹ ቤተሰብ በዓመት ከ120 ሺህ ዶላር በላይ ያገኛል። እዚያው ካውንቲ ውስጥ ከሦስት ተማሪ ከአንድ በላይ የሚሆነው የነጻ ወይም የቅናሽ ምሳ ይገባዋል። ሁለቱም እውነት ነው።

ቤቴ ስላለበት መንገድ ልንገራችሁ። በ1950ዎቹ የተሠራች አነስተኛ የጡብ ቤት ነበረች። ባለቤቷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ። ሸጠው ሄዱ። ቤቷ ፈርሳ እጥፍ የሚሆን ቤት ተሠራና ባልና ሚስት ጠበቆች ገቡ። ከማዶ ያለችው እሷን የምትመስል ቤት አልፈረሰችም፤ አሁን ቤዝመንቷን ጨምሮ ሦስት ቤተሰብ ይኖርባታል። አንዱ አባወራ ሌሊት ኡበር ነድቶ ሲገባ፣ ሚስቱ ወደ አረጋውያን መንከባከቢያ ለመሄድ አውቶቡስ ትጠብቃለች። በር ላይ ነው የሚገናኙት።

እነዚህ ሰዎች ሰፈሩን አላደኸዩትም። የጠፋው መሃለኛው ነው፤ በአንድ ደመወዝ ቤት ገዝተው ልጅ ያሳደጉት አስተማሪ ቦታ። ዛሬ ያቺን ቤት በአስተማሪ ደመወዝ ብቻ የሚገዛ አላየሁም።

ጥያቄ፦ ውድ የሆነው የካውንቲያችን ሰፈር ቤተስዳ ለእኛ ቢጤ የማይታሰብ ነው?

መልስ፦ ይታሰባል። ከ1970ዎቹ ጀምሮ ካውንቲው ትልልቅ አልሚዎችን ከሚሠሩት ቤት ቢያንስ 12.5 በመቶውን መካከለኛ ገቢ ላለው ሰው በተወሰነ ዋጋ እንዲያቀርቡ ያስገድዳል። ኤምፒዲዩ ይባላል። ወረፋ አለው፤ ቢሆንም ተመዝገቡ።

ጥያቄ፦ አከራዬ በአንድ ጊዜ 15 በመቶ ጨመረብኝ። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጀመሪያ ሕንጻው መቼ እንደተሠራ አጣሪ። በ2023 የወጣው የካውንቲ ሕግ የዓመት ጭማሪው ከ6 በመቶ እንዳይበልጥ ይከለክላል። ከተሠራ 23 ዓመት ያልሞላው ሕንጻ ግን ከሕጉ ነጻ ነው። አንድ ወይም ሁለት ቤት ብቻ የሚያከራይ ግለሰብንም አይነካም። ለዚህ ነው የቤዝመንት ተከራይ ወገኖቼ የሚያሳስቡኝ። ሕጉ የሚከልልሽ ከሆነ ጭማሪውን ሳትከፍይ፣ ሳትፈርሚ ለካውንቲው የቤቶች ጉዳይ ቢሮ አመልክቺ።

ጥያቄ፦ ቤት አለኝ፤ ፕሮፐርቲ ታክሱ ግን እየገፋኝ ነው።

መልስ፦ ሆምስቴድ ክሬዲት ሞልተሃል? የምትኖርበት ቤት ከሆነ፣ ታክስ የሚታሰብበት ግምት በዓመት ከ10 በመቶ በላይ እንዳያድግ ያደርጋል። ማመልከቻው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሳይሞሉ ዓመታት የከፈሉ ሰዎች ገጥመውኛል።

ጥያቄ፦ ፐርፕል ላይን የተባለው አዲሱ የባቡር መስመር ሲከፈት ለእኛ ይጠቅማል?

መልስ፦ ከቤተስዳ በሲልቨር ስፕሪንግ በኩል ኒው ካሮልተን ድረስ 16 ማይል ነው። መኪና ለሌላት የሌሊት ሠራተኛ ትልቅ ነገር ነው። የምፈራው ሎንግ ብራንች ሰፈር ላሉት የቆዩ አፓርታማዎች ነው። ባቡር ሲቀርብ የመሬት ዋጋ ይወጣል፤ አፍርሶ ለመሥራት የሚመጣውም ይበዛል። እዚያ የምትኖሩ፣ ስለ ሕንጻችሁ የሕዝብ ስብሰባ ሲጠራ አትቅሩ። ከሥራ ሰዓት ጋር ከተጋጨባችሁ ጻፉልኝ፤ ሐሳባችሁን በደብዳቤ አብረን እናስገባለን።