«ዘፈኑ የት ሄደ?»

ልጆቼ፣

ባለፈው ጣና ዳር ቡና እየጠጣን ያሳያችሁኝን ዝርዝር ደጋግሜ አየሁት። ሰው የሚወዳቸው 12 ዘፈኖች፣ ሁሉም ለአልበም በቢግ ባንድ፣ ማለትም በትልቅ የጃዝ ባንድ፣ እንደገና ሊቀናበሩ። አቤት ወኔ! እውነቱን ልንገራችሁ፣ ቅናት ቢጤም ያዘኝ።

ሙሉ ቢግ ባንድ አብዛኛውን ጊዜ 17 ሰው ነው፤ 5 ሳክስፎን፣ 4 ትራምፔት፣ 4 ትሮምቦን፣ ከዚያ ፒያኖ፣ ጊታር፣ ቤዝና ድራም። ባሕር ዳር ላይ 4 ትሮምቦን ስትፈልጉ ዕድሜያችሁን አትጨርሱ። ባላችሁ ነፊ ጀምሩ። ኢዘር ኦርኬስትራ የሚባለው የአሜሪካ ባንድ የኛን የድሮ ዘፈኖች ሲጫወት 10 ሰው ነበር፤ ለጆሮዬ ምንም አልጎደለበትም።

በወጣትነቴ የመጀመሪያ ቅንብሬን ይዤ ልምምድ ገባሁ። ሌሊቱን ሙሉ በሻማ የጻፍኩት ነው። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ሳስጀምር ጉድ ፈላ! ለአልቶ ሳክስፎኑ የቴነር ሳክስፎኑን ኖታ ገልብጬ ሰጥቼዋለሁ። ፒያኖ ላይ ዶ የሆነው ድምፅ ለቴነር ሬ፣ ለአልቶ ላ ተብሎ ነው የሚጻፈው። ልጁ የተጻፈለትን አንድም ሳይስት ነፋ። የወጣው ግን ሌላ ዘፈን ነበር።

ይሄኛው በማግስቱ ተስተካከለ። ሌላው ስህተቴ ግን ዓመታት ፈጀብኝ። ዘፋኙ ትንፋሽ በሚወስድበት ቦታ ሁሉ የትራምፔትና የትሮምቦን ድምፅ እሞላ ነበር። ባዶ ቦታ ያስፈራኝ ነበር መሰለኝ። በአንቺሆዬ ቅኝት የሚዘፈን አንድ ዘፈን ላይማ ኮርድ በኮርድ (በአንድ ላይ የሚሰሙ ድምፆች) አድርጌው ቅኝቱ ድራሹ ጠፋ። አንድ ሽማግሌ ማሲንቆ መቺ ጸጥ ብለው ሰሙኝና «የኔ ልጅ፣ ዘፈኑ የት ሄደ?» አሉኝ። መልስ አልነበረኝም።

የሳክስፎን ተጫዋቹን ጌታቸው መኩሪያን አድምጡ። ሽለላን ወደ ቴነር ሳክስፎን ሲያመጣ፣ ለሳክስፎኑ ብሎ ሽለላውን አላለዘበም። ሳክስፎኑን ነው ያስፎከረው።

ስለዚህ ኖታ ከመጻፋችሁ በፊት ዝፈኑት። ዘፋኙ የት ላይ ይጎትታል? የትኛዋ ቃል ላይ ድምፁን ያርገበግባል? በእርሳስ ምልክት አድርጉባት፤ እዚያ ላይ ነፊው ሁሉ ዝም ይበል። ስትመልሱለትም እንደ ተቀባይ መልሱለት፤ አውጪው ሳይጨርስ የሚጮህ ተቀባይ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ሁሉንም ዘፈን ስዊንግ፣ ያንን የጃዝ ምት፣ ማድረግም የግድ አይደለም። ችክችካ የራሱ ወዝ አለው።

አንድ የማይጥም ነገር ደግሞ አለ፤ ፈቃድ። አልበም ስታሳትሙ «ከቨር ነው፣ የሌላ ሰው ዘፈን ነው የተጫወትነው» ማለት አያድናችሁም። በቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የደራሲ መብት ከሞተም በኋላ 50 ዓመት ይቆያል። ዘፋኙን ብቻ አናግራችሁ እንዳትመለሱ። ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ ሊሆን ይችላል።

ቅዳሜ ስትመጡ ሳክስፎኑን ቤት አስቀምጡት። ከ12ቱ አንዱን ምረጡና ያለ መሣሪያ፣ በጭብጨባ ብቻ ትዘፍኑልኛላችሁ። ቡናው በኔ ነው።