ጣቱን ተዉለት

ሰሞኑን አንዲት ወጣት መምህርት «ልጆቹ በጣት መቁጠር እንዲተዉ ምን ላድርግ?» ብላ ጠየቀችኝ። «ተያቸው፣ ይቁጠሩ» አልኳት። ማታ ግን አንድ የድሮ ተማሪዬ ትዝ ብሎኝ እንቅልፍ አጣሁ።

ሁለተኛ ክፍል ነበር። ጣቱን ዴስክ ስር ደብቆ ይቆጥራል። 6+3 ስንለው 8፣ 9−3 ስንለው 7። ደብተሩ ኤክስ በኤክስ ነው። በመምህራን ዘንድ ስሙ «ሰነፉ» ነበር። አንድ ቀን አጠገቡ ቁጭ ብዬ «እስቲ እንዴት እንዳገኘኸው አሳየኝ» አልኩት። ጣቱን ለማውጣት ፈራ፤ የሚቆጡት መስሎት ነው። ስለምነው «ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት» እያለ ሦስት ጣት አጠፈ። ለካ መነሻውን ስድስትንም አብሮ ይቆጥረዋል! ሲቀንስም «ዘጠኝ፣ ስምንት፣ ሰባት»። ሲደምር በአንድ ያንስበታል፣ ሲቀንስ በአንድ ይበልጥበታል። ያ ሁሉ ኤክስ አንድ ስህተት ነበር።

ስድስት ጠጠር በጭብጤ ያዝኩ፣ ሦስት ዴስኩ ላይ አስቀመጥኩ። «እዚህ ስድስት አለ፤ ከዚያ ቀጥል» አልኩት። ጠጠሮቹን እየነካ «ሰባት፣ ስምንት፣ ዘጠኝ» አለና ሳቀ። መቀነሱ ላይ ሳንደርስ ቤተሰቡ ሰፈር ቀየረ። እስከዛሬ ይቆጨኛል፤ «ሰነፉ» የሚለውን ስም ይዞ ነው የሄደው።

በጣት ከመቁጠር ቀጥሎ የሚመጣው 10ን መደገፊያ ማድረግ ነው። 8+5 ሲሆን ከ5 ላይ 2 ለ8 ይሰጠዋል፤ 10 እና 3፣ 13። 13−8ም ወደ ኋላ መቁጠር አያስፈልገውም። ከ8 እስከ 10 ሁለት፣ ከ10 እስከ 13 ሦስት፣ በቃ 5። 6+6ን ያወቀ ልጅ ደግሞ 6+7 አይከብደውም።

የዛሬ ወጣት መምህራን ወርክሺት ዳውንሎድ አድርጋችሁ ማደል ትወዳላችሁ። ልጁ ሠላሳ ጥያቄ ሲሠራ እናንተ ስልክ ላይ ናችሁ። (ሁላችሁም አይደላችሁም፣ አውቃለሁ።) አምስት ብቻ ስጡትና «እንዴት አገኘኸው?» በሉት። ያገኘውንም ጠይቁት፣ የሳተውን ብቻ አይደለም።

ትንንሽ ልጆችን ሰዓት ይዞ መፈተን አልወድም። የሚያውቁትም ይጠፋባቸዋል። ግን 7 ስለው ወዲያው 3 የማይለኝ ልጅም ያሳስበኛል። 10 የሚሞሉትን ጥንዶች ሳያስብ ሊላቸው ይገባል። «ይጋጫል» ትሉኝ ይሆናል፤ ይጋጭ። ብቻ ልምምዱን በሳምንት አንዴ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ከምታደርጉት፣ በየቀኑ አምስት ደቂቃ አድርጉት።