የአባትህን የሕይወት ታሪክ ከወፍጮ ቤቱ ጀምር

ወፍጮ ቤት ለነበረው ነጋዴ አባትህ አርባ የሚነበበው ጽሑፍ «የንግድ ዝርዝር ብቻ ሆነብኝ፣ አባትነቱ አልገባ አለኝ» ብለሃል። ንግዱንና አባትነቱን አትነጣጥላቸው። «ከአባታቸው ከአቶ እገሌ» የሚለውን ወደ ሁለተኛው አንቀጽ አውርደውና ከወፍጮ ቤቱ ጀምር።

ቡሬ ገበያ ቀን በቆሎና ጤፍ የተሸከመው ሰው ሲሰለፍ አባትህ የት ይቆም ነበር? ክረምት ላይ እህል ያጠረው ጎረቤት በዱቤ ሲጠይቅ ምን ይመልስ ነበር? እናንተን ሒሳብ ያስተማራችሁ ሚዛኑ አጠገብ፣ ጆንያ ላይ አስቀምጦ ከሆነ እሱን ጻፈው። ነጋዴውም አባቱም እዚያው አሉ። «ደግ፣ ሩኅሩኅ፣ ታታሪ» የሚለውን ሰልፍ ግን ተወው፤ ለሁሉም ሟች ይነበባል።

ዓመቶቹን ስትሞላ፦

1. ከፓስፖርት የምትገለብጠው የፈረንጅ ነው። እንደ ወሩ 7 ወይም 8 ቀንስ።

2. ቤት ተወርሶበት ከሆነ፣ የከተማ ትርፍ ቤት አዋጅ የወጣው ሐምሌ 1967 ነው። ከዚያ በኋላ እንዴት እንደተነሳ ሁለት መስመር ስጠው፤ የሥራ ሰውነቱ እዚያ ላይ ነው የሚታየው።

3. ከአንድ ገጽ ተኩል አይለፍ። ሰው ቆሞ ነው የሚሰማህ።

አንድ ነገር ተጠንቀቅ። የልጆቹን ስም ዝርዝር ከመነበቡ በፊት ለእናትህና ለአክስቶችህ አንብብላቸው። ከሌላ እናት የተወለደች ልጅ ስም ተዘሎ፣ ለቅሶው ወደ ጠብ ሲዞር አይቻለሁ። የወፍጮውን ወራሽ ጉዳይም እዚያ ጽሑፍ ላይ እንዳትነካካው፤ እሱ በሽማግሌ ይታይ።