ስለ ክሮስወርድና ስለ ግሪክ አማልክት ለጠየቅሽው

ሰላም እህቴ። ስልክሽ ላይ የእንግሊዝኛ ክሮስወርድ (በፍንጭ ቃል እያገኙ ሳጥን የሚሞሉበት ጨዋታ) እየሞላሽ የግሪክ አማልክት ሲመጡ ግን እንደሚያቅትሽ ጽፈሻል። ጥያቄሽ «አፈ ታሪኩን ከሀ እስከ ፐ ላንብብ ወይስ አቋራጭ አለ?» የሚል ነው። አቋራጭ አለ። እኔም ከሥራ መልስ የማመሸው በዚሁ ጨዋታ ስለሆነ የማውቀውን ልንገርሽ።

ገናናዎቹን ለጊዜው ተያቸው። ፖሰይዶንና አፍሮዳይት ረጃጅም ስም ስላላቸው የሚመጡት አልፎ አልፎ ነው። በአሜሪካኖቹ ሠንጠረዥ እያንዳንዱ ፊደል በአግድምም በቁልቁልም ቃል ውስጥ መግባት አለበት። ከ3 ፊደል ያነሰ ቃል ደግሞ አይፈቀድም። አዘጋጁ ጥግ ላይ ሲጨንቀው የሚደርስለት አናባቢ የበዛበት አጭር ስም ነው። የንጋቷ አምላክ ኤኦስ ደጋግማ ብቅ የምትለው ለዚህ ነው። ሦስት ፊደል ናት፣ ሁለቱ አናባቢ።

በክሮስወርድ ዓለም ዘመድ ከባለቤቱ ይበልጣል። አርጤምስን ከሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 19 ታውቂያታለሽ፤ ሕዝቡ «የኤፌሶን አርጤምስ ታላቅ ናት» እያለ የጮኸላት ነች። በእንግሊዝኛ 7 ፊደል ስለሆነች ብዙ አትመጣም። የእሷና የአፖሎ እናት ሌቶ ግን 4 ፊደል ናት፣ እሷን ያዢ። የዜውስ እናት ሬያም እንደዚያው። ባሏ ክሮኖስ ልጆቹን እየዋጠ ሲያስቸግራት፣ ዜውስን ደብቃ ድንጋይ በጨርቅ ጠቅልላ ያስዋጠችው ሴት ናት። እንዲህ ዓይነት ጉድ አንዴ ከሰማሽ አይረሳም። የዜውስና የሄራ ልጅ ሂቢ ደግሞ ለአማልክቱ መጠጥ ትቀዳለች፤ ፍንጩ «ወጣትነት» ወይም «አሳላፊ» ካለ እሷ ናት።

አሁን ወደ ዋናው ወጥመድ። ፍንጩ «የጦርነት አምላክ» ይላል፣ 4 ሳጥን አለ። የግሪኩ አሬስ 4 ፊደል ነው። የሮማው ማርስም 4 ነው። ይባስ ብሎ ሁለቱም የሚያልቁት በኤስ ነው። ስለዚህ መጨረሻው ላይ ኤስ ብታገኚ ምንም አልተጠቀምሽም። ሁለተኛውን ሳጥን የሚያቋርጠውን ቃል ፍቺ። አር (R) ከወጣ አሬስ (Ares)፣ ኤ (A) ከወጣ ማርስ (Mars)። የፍቅሩ አምላክ ኤሮስና የሮማው አቻው አሞርም ሦስተኛ ፊደላቸው ኦ ስለሆነ እሷን አትመኛት። ሄራና የሮማ አቻዋ ጁኖ ግን አያስቸግሩም፤ የትኛውም ፊደል ይለያቸዋል። ብዙ ጊዜ ግን ፍንጩ ራሱ «በሮም»፣ «በአቴንስ» ብሎ ይጠቁምሻል። ያቺን ቃል አትዝለያት።

አሬስን በቀላሉ ለመያዝ አክሱምን አስቢ። ንጉሥ ኤዛና በግሪክኛ ባስቀረጸው ጽሑፍ ራሱን የማይሸነፈው አምላክ የአሬስ ልጅ ይላል፤ ያው ጽሑፍ በግእዙ ላይ የሚጠራው የአክሱማውያኑን የጦርነት አምላክ ማሕረምን ነው። እኔ ይህን ካነበብኩ ወዲህ አሬስ ጠፍቶኝ አያውቅም።

ሌላ ጣጣ ደግሞ አለ። አሬስ፣ ኤሮስና ኤሪስ ሦስቱም ሁለተኛ ፊደላቸው አር፣ የመጨረሻቸው ኤስ ነው። ኤሮስንና ኤሪስን የሚለየው ሦስተኛው ሳጥን ብቻ ነው። ኤሪስ የጠብ አምላክ ናት። ሠርግ ሳትጠራ ቀርታ «ለቆንጆዋ» የሚል የወርቅ ፖም መሀል ወርውራ ሄራን፣ አቴናንና አፍሮዳይትን ያባላች፣ መዘዙም እስከ ትሮይ ጦርነት የደረሰ ነገረኛ። እ.ኤ.አ. በ2005 የተገኘችው ድንክ ፕላኔትም የተሰየመችው በእሷ ስም ነው። ደግሞ ስም አወጣጡን ተመልከቺ፦ ፕሉቶን በ2006 ከፕላኔትነት ያስወረደው ክርክር የተባባሰው በዚችው ግኝት ነው። ፍንጩ «ጠብ» ቢልም «ድንክ ፕላኔት» ቢልም መልሱ ያው ነው።

ከ9ኙ የጥበብ እህትማማቾች ለጊዜው ሁለቱ ይበቁሻል። ኤራቶ የፍቅር ግጥም፣ ክሊዮ የታሪክ።

አጠናኑን በተመለከተ ዝርዝር መሸምደድ አልወድም፣ ሰውን ያሰለቻል። ስሙን በእንግሊዝኛ ፊደል፣ በሳጥን ሳጥን አድርገሽ ደብተር ላይ ጻፊው፤ ሥር ሥሩን እናቱን ወይም ጉዱን በአንድ መስመር። ስትጫወቺ የምትፈልጊው ስሙ በየሳጥኑ እንዴት እንደተቀመጠ ነው። የኒውዮርክ ታይምስን የምትሞክሪ ከሆነ ከሰኞው ጀምሪ። ሰኞ ቀላሉ ነው፣ እየከበደ ሄዶ ቅዳሜ ወገብ ይቆርጣል።

ኦ፣ አንድ ቀርቶኛል። 3 ሳጥን ላይ «የጥፋትና የሞኝነት አምላክ» የሚል ካየሽ አትደንግጪ። «በላ» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል (ate) ጻፊ፣ የአምላኳ ስም ፊደሉ ከእሱ ጋር አንድ ነው።