ወደ ዘ ኢንተርናሽናል ማን ያልፋል? የዶታ 2 ማጣሪያ ጥያቄና መልስ

ስለ ዘ ኢንተርናሽናል ማጣሪያ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ብዙ ጥያቄ መጣ። ተመሳሳዮቹን አንድ ላይ አድርጌ እመልሳለሁ። ለአዲስ ገቢዎች፦ ዶታ 2 አምስት ለአምስት የሚጫወቱት የኮምፒውተር ጌም ነው። ዘ ኢንተርናሽናል ደግሞ የጌሙ ባለቤት ቫልቭ ከ2011 ጀምሮ የሚያዘጋጀው የዓለም ሻምፒዮና ነው። በአጭሩ ቲአይ እንለዋለን። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ማን እንደሚያልፍ ስገምት ሁሌም ጠንካራ የምላቸውን ቡድኖች ነው የምመርጠው። ግማሹ ይወድቅብኛል። ችግሬ ምንድን ነው?

መልስ፦ ከቡድን ሳይሆን ከትኬት ጀምር። በጠቅላላ ስንት ቦታ አለ? ስንቱ በቀጥታ ተሰጠ? ዓለም ለማጣሪያው በክልሎች ተከፍሏል፤ ለእያንዳንዱ ክልል ስንት ቀረ? ይሄ በየጊዜው ይለዋወጣል። በ2018 ከ18ቱ ቡድኖች 8ቱ በዓመቱ ውድድሮች በሰበሰቡት ነጥብ በቀጥታ ገቡ፤ 10 ቦታ ለማጣሪያ ተረፈ። በ2021ም ቡድኖቹ 18 ነበሩ። ግን 12ቱ በነጥብ ስለገቡ ለማጣሪያ የቀረው 6 ትኬት ብቻ ነበር። ለአንድ ክልል አንድ ማለት ነው። የነጥቡ ሥርዓት ከ2023 በኋላ ቀርቷል፤ ቫልቭ ራሱ ይጋብዛል። በ2024 ከ16ቱ 6ቱን ጋበዘ፣ በ2025 ደግሞ 8ቱን።

ቁጥሩ ምን እንደሚያደርግ ለማየት የ2021ን ምዕራብ አውሮፓ ተመልከት። ለአንዲት ትኬት ኦጂ፣ ቱንድራ፣ ሊኩይድና ኒግማ የሚባሉ ቡድኖች ተፋጠጡ። በመጨረሻው ግጥሚያ ኦጂ ቱንድራን 3 ለ 2 አሸንፎ አለፈ። ሌሎቹ በሙሉ ቤታቸው ቀሩ። ቱንድራ በቀጣዩ ዓመት የዓለም ሻምፒዮን ሆነ! ስለዚህ ጠንካራ መሆን ሌላ፣ ማለፍ ሌላ ነው። አንተ ምናልባት የቡድኖቹን አቅም በትክክል አይተህ ይሆናል። ያላየኸው በሩ ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ነው።

ተቃራኒውም አለ። የአንድ ክልል ግዙፍ ቡድኖች በሙሉ በግብዣ ከገቡ ማጣሪያው ባዶ ይሆናል። ያኔ በክልሉ አምስተኛ የነበረው ቡድን ድንገት ዋና ተጠባቂ ይሆናል። ግብዣው ይፋ ሳይሆን ግምት የሚጽፍ ሰው በከንቱ ይደክማል።

ጥያቄ፦ ግምቴን በመቶኛ ነው የምጽፈው። ልክ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

መልስ፦ መጀመሪያ ደምሪው። አንድ ትኬት ባለበት ክልል የሁሉም ቡድን ዕድል ተደምሮ 100 መምጣት አለበት፤ ሁለት ትኬት ካለ 200። ብዙ ሰው ለአንዱ 60፣ ለሌላው 50፣ ለሦስተኛው 30 ይሰጥና ትኬቷ ግን አንዲት ናት። 140 ሆነ ማለት ነው፤ ሊሆን አይችልም። ይሄን ብቻ ማስተካከል ግምትሽን በጣም ያሻሽለዋል።

ቀጥሎ የግጥሚያውን ርዝመት እዪ። አንድ ቡድን ተጋጣሚውን በአንድ ጌም የማሸነፍ ዕድሉ 60 በመቶ ነው እንበል። በሦስት ጌም ግጥሚያ፣ ማለትም ሁለት ቀድሞ ያሸነፈ በሚያልፍበት፣ ዕድሉ ወደ 65 ከፍ ይላል። በአምስት ጌም ወደ 68 ይደርሳል። ግጥሚያው በረዘመ ቁጥር የተሻለው ቡድን ይጠቀማል፤ ግን እንደምናስበው ብዙ አይደለም።

አሁን ዋናው ነገር መጣ። ይሄው ቡድን ለማለፍ ሦስት ባለ ሦስት ጌም ግጥሚያዎችን በተከታታይ ማሸነፍ አለበት እንበል። ሦስቱንም የማሸነፍ ዕድሉ 27 በመቶ ገደማ ነው። በሁሉም ግጥሚያ ተመራጭ ሆኖ ከአራት አንዴ ነው የሚሳካለት! ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ብትሸነፊ ሁለተኛ ዕድል የሚሰጠው የታችኛው ቅርንጫፍ ትልቅ ዋጋ ያለው። ማጣሪያው ያ ዕድል ካለው ለተሻለው ቡድን ከፍ አድርገሽ ስጪ። ከሌለው ቀንሺ።

ጥያቄ፦ ትልቅ ስም ያላቸው ቡድኖች ማጣሪያ ላይ ሲወድቁ ይገርመኛል። ልምድ ዋጋ የለውም እንዴ?

መልስ፦ ልምድ አለው፤ ስም ግን የለውም። ቡድን ማለት አምስቱ ተጫዋቾች ናቸው እንጂ ማልያው አይደለም። የኦጂን ታሪክ ሁሌም የማነሳው ለዚህ ነው።

በ2018 ግንቦት መጨረሻ ላይ፣ ቲአይ ሦስት ወር ሳይቀረው፣ ፍላይና ኤስፎር የሚባሉት ተጫዋቾች ኦጂን ጥለው ኢቪል ጂኒየስስ ወደሚባል ቡድን ሄዱ። ፍላይ ከሌላው ተጫዋች ከኖቴል ጋር ለዓመታት አብሮ የቆየ፣ ቡድኑን አብሮ የመሠረተ ሰው ነበር። የቀሩት ኖቴልና ጄራክስ ነበሩ። አሠልጣኙ ሴብ ወደ ተጫዋችነት ገባ። አና የሚባለው ተጫዋች ከእረፍት ተመለሰ። ቶፕሰን የሚባል በትልቅ መድረክ ተጫውቶ የማያውቅ ልጅ መጣ። በቀጥታ የመግባት ነገር ስላበቃለት ኦጂ ማንም ስም የሌለው ቡድን ከሚመዘገብበት ክፍት ማጣሪያ መጀመር ነበረበት። ከዚያ ወደ አውሮፓ ማጣሪያ፣ ከዚያ ቲአይ ወደተካሄደባት ቫንኩቨር። እዚያም ፍላይ ያለበትን ኢቪል ጂኒየስስን 2 ለ 1 አሸነፈ። በፍጻሜው ፒኤስጂ ኤልጂዲን 3 ለ 2 ረትቶ ዋንጫውን አነሳ። በ2019 ሻንጋይ ላይ ደገመው።

አሁን ወደ ጥያቄህ ልምጣ። በ2023 እና በ2024 ኦጂ ቲአይ ላይ አልነበረም። ስሙ ያው ነው፣ ልጆቹ ግን ሌሎች ናቸው። ስትገምት «ኦጂ ሁለቴ ሻምፒዮን ነው» የሚለውን እርሳው። እነዚህ አምስት ልጆች አብረው ስንት ወር ተጫወቱ? ካፒቴኑ ማነው? ሚድ፣ ማለትም የመሃሉን መስመር፣ የሚጫወተው ባለፈው ወር ተቀይሯል? ይሄን ጠይቅ።

ጥያቄ፦ በማጣሪያ የመጣ ቡድን ዋናው ውድድር ላይ ቶሎ ይወድቃል አይደል?

መልስ፦ አይደለም። በ2015 ሲዲኢሲ ከማጣሪያ ተነስቶ ሁለተኛ ወጣ። በ2021 ቲም ስፒሪት ከምሥራቅ አውሮፓ ማጣሪያ መጥቶ ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ዓመት ጠቅላላ ሽልማት 40 ሚሊዮን ዶላር ነበር። በ2022 ደግሞ በየክልሉ ማጣሪያ ሁለተኛና ሦስተኛ ለወጡ 12 ቡድኖች የመጨረሻ ዕድል ተሰጠ፤ ትኬቱ ሁለት ነበር። ያገኙት ሴክሬትና ሊኩይድ ናቸው። ሴክሬት ሁለተኛ፣ ሊኩይድ ሦስተኛ ሆነው ጨረሱ። ሲንጋፖር ላይ ከሌሎቹ 18 ቡድኖች የበለጣቸው ቱንድራ ብቻ ነው! ማጣሪያ ያደክማል፣ ግን ያሞቃልም።

ጥያቄ፦ ከማጣሪያው በፊት ትልቅ አፕዴት ቢወጣ የድሮውን ውጤት ልጣለው?

መልስ፦ አትጣለው፣ ክብደቱን ቀንስ። በ2023 ሚያዝያ የጌሙ ካርታ በ40 በመቶ ሰፋ። ሁሉም ነገር ተገለባበጠ ተባለ። ጋይሚን ግላዲየተርስ የሚባለው ቡድን ግን ከአፕዴቱ በፊት የሊማን፣ ከአፕዴቱ በኋላ የበርሊንንና የባሊን ሜጀር (ከቲአይ ቀጥሎ ያሉ ትልልቅ ውድድሮች) በላ። ጥሩ ቡድን ቶሎ ይማራል። የሚጎዳው በአንድና በሁለት ሂሮ (ተጫዋቹ መርጦ በሚጫወትበት ገጸ ባህርይ) ላይ ብቻ ተደግፎ የሚያሸንፍ ቡድን ነው። እነዚያን ለይ።

ጥያቄ (ከአዲስ አበባ)፦ ከአፍሪካ ቡድን መቼ ነው የምናየው?

መልስ፦ ይሄ ጥያቄ ልቤን ይነካዋል። መጀመሪያ ደረቁን እውነታ ልንገርህ። የቲአይ ማጣሪያ ክልሎች ምዕራብ አውሮፓ፣ ምሥራቅ አውሮፓ፣ ቻይና፣ ደቡብ ምሥራቅ እስያ፣ ሰሜን አሜሪካና ደቡብ አሜሪካ ናቸው። የአፍሪካ የሚባል የለም። ከእኛ የሚነሳ ቡድን በሌላ ክልል ገብቶ፣ ሩቅ ባለ ሰርቨር መጫወት አለበት። ፒንጉ (መልእክቱ ሰርቨሩ ደርሶ ለመመለስ የሚወስደው ጊዜ) ከፍ ሲል ቁልፉን ተጭነህ ሂሮህ የሚንቀሳቀሰው ዘግይቶ ነው፤ ተጋጣሚህ ያኔ ሸሽቷል። ደቡብ አፍሪካና ዱባይ ላይ ሰርቨሮች አሉ፤ የአውሮፓ ማጣሪያ ግን እዚያ አይካሄድም። የልጆቻችን ችሎታ የሚለካው እኩል ፒንግ ላይ ሲጫወቱ ነው። ለዚህ ደግሞ አንድ የአፍሪካ ትኬት፣ አንዲት ብቻ፣ በቂ መነሻ ነበረች።

ጥያቄ፦ በእነዚህ ግምቶች ቤቲንግ ብመድብስ?

መልስ፦ እለምንሃለሁ፣ ተው። ከላይ ያየነው 27 በመቶ የተመራጩ ቡድን ዕድል ነው። በዚያ ላይ ዝቅተኛ ማጣሪያዎች ተመልካች የሌለባቸው፣ ለተሸጠ ጨዋታ የተጋለጡ ናቸው። የ2014ቱ ሻምፒዮን ኒውቢ እንኳ፣ በሌሎች ተጫዋቾች ዘመን፣ ጨዋታ በመሸጥ በ2021 በቫልቭ ለዘለዓለም ታግዷል።

ጥያቄ (ከሪያድ)፦ እዚህ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሳዑዲው ቡድን ፋልከንስ ነው። የ2026ቱ ቲአይ ሻንጋይ ነው፤ ለቻይና ቡድኖች ማጣሪያው ይቀልላቸዋል?

መልስ፦ ማጣሪያው በኢንተርኔት ነው የሚካሄደው። ተመልካቹ፣ ጩኸቱ፣ የሜዳ ጥቅሙ ገና አልመጣም። ስለዚህ ለአስተናጋጅነቱ ብለህ ለማንም ነጥብ አትጨምር። ዋናው ውድድር ላይም ቢሆን በ2019 እዚያው ሻንጋይ ዋንጫውን የወሰደው አውሮፓዊው ኦጂ ነው። ቻይና ከ2016ቱ ሻምፒዮኗ ዊንግስ ወዲህ ዋንጫውን አላገኘችም። በ2025 ሀምቡርግ ላይ ግን ኤክስትሪም ጌሚንግ በጣም ተጠግቶ ነበር፤ በእናንተው ፋልከንስ 3 ለ 2 ተሸነፈ። ቻይናን ስትገምት መጀመሪያ ኤክስትሪም መጋበዝ አለመጋበዙን ጠብቅ። ከተጋበዘ ማጣሪያው ለሌሎቹ ክፍት ይሆናል። ካልተጋበዘ አንዷን ትኬት ለእሱ ያዝለትና በቀረው ላይ አስብ።